አዲስ የደረሰ የጭነት አውሮፕላን፦ የትኛው ምርጫ ከጥገና ሃንጋር ያርቃችኋል?

ለጭነት አውሮፕላን ገዢ የሚቀርበው ትልቁ ማባበያ «አዲስ ነው» የሚለው ነው። በጥገና ክፍል የዋለ ሰው ግን አዲስ አውሮፕላን ሲመጣ ደስታውን በልኩ ያደርጋል። ዩናይትድ አየር መንገድ በ1978 ያወጣው የጥገና ጥናት ከመረመራቸው የአውሮፕላን ክፍሎች 68 በመቶ የሚሆኑት አብዝተው የሚበላሹት ገና እንደተገጠሙ መሆኑን አሳየ። ዕድሜያቸው ሲገፋ የመበላሸት ዕድላቸው የሚጨምረው 11 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ቀለሙ ያልደረቀ አውሮፕላን በመጀመሪያዎቹ ወራት ደጋግሞ ቢቆም የሚያስገርም ነገር የለም። መጠየቅ ያለበት ምን ዓይነት ብልሽት እንደሚገጥመውና ሲቆም ማን እንደሚደርስለት ነው።

ይህ መመሪያ አውሮፕላን የሚገዙ፣ በሊዝ የሚይዙ ወይም ጭነታቸውን በሌላ ድርጅት አውሮፕላን የሚያስጭኑ ሰዎችን ያስባል። የሚነጻጸሩት አራት ምርጫዎች ናቸው፦ ለዓመታት የበረረ ዓይነት ሆኖ ከፋብሪካ አዲስ የወጣ፣ ዓይነቱም ራሱ አዲስ የሆነ፣ ከመንገደኛነት ወደ ጭነት የተቀየረ፣ እና ከነሠራተኛውና ከነጥገናው የሚከራይ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ መለኪያዎቹ

የዓይነቱ ዕድሜ። የአውሮፕላኑ ዕድሜና የዓይነቱ ዕድሜ ይለያያሉ። ትናንት ከፋብሪካ የወጣ 777 ጭነት አውሮፕላን ከ2009 ጀምሮ ሲበር የኖረ ዓይነት ነው። ብዙዎቹ የዲዛይን ስህተቶች በሌሎች አየር መንገዶች ወጪ ተገኝተው ታርመዋል። አዲስ ዓይነት ስትገዙ ስህተቱን የምታገኙት እናንተ ናችሁ።

የመነሻ አስተማማኝነት። ዲስፓች ሪላያቢሊቲ የሚባለው ቁጥር በቴክኒክ ምክንያት ሳይሰረዙና ከ15 ደቂቃ በላይ ሳይዘገዩ የተነሱትን በረራዎች በመቶኛ ያሳያል። ሻጮች 99 ከምናምን ብለው ሲጠሩት ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። በቀን ሁለት ጊዜ የሚነሳ አውሮፕላን በዓመት 730 በረራ አለው፤ ከዚያ ውስጥ አንድ በመቶው ከሰባት በረራ በላይ ነው። ሰባት ሌሊት አበባ ወይም ሥጋ መንደርደሪያ ዳር ቀረ ማለት ለላኪው ምን እንደሆነ ላኪው ያውቀዋል።

እኔ ግን ከመቶኛው ይልቅ ለሌላ ሰነድ ቅድሚያ እሰጣለሁ፤ የተላለፉ ብልሽቶች ዝርዝር። ኤምኢኤል የሚባለው መመሪያ አንዳንድ ዕቃ ተበላሽቶም ቢሆን አውሮፕላኑ በቅድመ ሁኔታ እንዲበር ይፈቅዳል፤ እንደ ምድቡ በ3 ቀን፣ በ10 ቀን ወይም በ120 ቀን ውስጥ እንዲጠገን ያዛል። አንድ አውሮፕላን በሰዓቱ እየተነሳ ሆድ ዕቃው በተላለፈ ብልሽት የተሞላ ሊሆን ይችላል። ተመሳሳይ ዓይነት የያዘ አየር መንገድ ይህን ዝርዝር ካሳያችሁ የስድስት ወሩን በሙሉ ተመልከቱ፤ አንድ ዕቃ በየሦስት ሳምንቱ እየተመለሰ የሚጻፍ ከሆነ መንስኤው አልተገኘም።

የጭነት ክፍሉ ራሱ። ይህ ብዙ ጊዜ የሚረሳ መለኪያ ነው። ገዢዎች ስለ ሞተርና ስለ ነዳጅ ሲከራከሩ ይቆዩና በመጀመሪያው ወር የሚያቆማቸው ትልቁ የጭነት በር ይሆናል፤ በሩን የሚያነሳው ሃይድሮሊክ ወይም ኤሌክትሪክ፣ መቆለፉን የሚያረጋግጡት ሴንሰሮች። ቀጥሎ ጭነቱ የሚደረደርበትን ፓሌት የሚገፉት የወለል ሞተሮችና ሮለሮች ይመጣሉ፤ በፎርክሊፍት ይመታሉ፣ ውሃ ይገባባቸዋል። የጭስ መጠቆሚያዎችም ያስቸግራሉ። ከአበባና ከፍራፍሬ የሚወጣ እርጥበት እሳት በሌለበት ጭስ አለ ሊያስብላቸው ይችላል። አብራሪው ደግሞ ማስጠንቀቂያውን እንደ እውነት ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለውም፤ በአቅራቢያው ወዳለ ኤርፖርት ያርፋል። አንድ የሐሰት ማስጠንቀቂያ የአንድ ወር ትርፍ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ሞተር። ረጅም ጊዜ የሚያቆምና ብዙ ገንዘብ የሚበላ ይህ ነው። ሞተሩ ከክንፍ ሳይወርድ በአማካይ ስንት ሰዓትና ስንት ምልልስ (አንድ መነሳትና ማረፍ) እንደሚቆይ፣ ተለዋጭ ሞተር የት እንደሚገኝ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው፤ አየሩ ስስ ነው፣ መንደርደሩ ይረዝማል፣ የሚነሳው ክብደት ይቀንሳል፣ ሞተሩም ተጨንቆ ስለሚሠራ የውስጡ ሞቃት ክፍል ቶሎ ይደክማል። በባሕር ጠረፍ የሚሠራ አየር መንገድ የሞተር ታሪክ ለቦሌ እንዳለ አይወሰድም።

ድጋፍና ውል። መለዋወጫው ከየት ይመጣል፣ ባለሙያው በስንት ሰዓት ይደርሳል፣ ዋስትናው ለስንት ዓመት ነው፣ አውሮፕላኑ ቆሞ ለሚታጣው ገቢ የሚከፍል አለ? ለመጨረሻው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የለም ነው። የፋብሪካ ዋስትና የተበላሸውን ዕቃ ይተካል እንጂ የቀረውን ጭነት ገቢ አይመልስም።

አንደኛ፦ የታወቀ ዓይነት፣ ከፋብሪካ አዲስ

ዛሬ በዚህ ምድብ ዋነኞቹ የቦይንግ 777 እና 767-300 የጭነት አውሮፕላኖች ናቸው። 777 ጭነት በየካቲት 2009 ለኤር ፍራንስ ደረሰ፤ 102 ቶን ገደማ ይጭናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2012 በአፍሪካ የመጀመሪያውን ተረከበ። 767-300 ጭነት ከዚህም ቀድሞ በ1995 በዩፒኤስ ሥራ ጀምሯል፤ የሚጭነው 50 ቶን ትንሽ አለፍ ይላል።

የሁለቱም ጠባይ በዲዛይን በኩል የታወቀ ነው። በአዲሶቹ ላይ የሚታየው ችግር የፋብሪካ አሠራር ነው። በ2019 የአሜሪካ አየር ኃይል ከ767 በተወለደው ኬሲ-46 ነዳጅ ጫኝ ውስጥ የተረሱ መሣሪያዎችና ቁርጥራጮች በማግኘቱ ርክክቡን ለጊዜው አቆመ፤ ያ አውሮፕላን የሚገጣጠመው ከጭነቱ 767 ጋር በአንድ መስመር፣ በቦይንግ የኤቨረት ፋብሪካ ነው። በ2023 ደግሞ የመሐል ነዳጅ ታንክ የሚያቀርብ ድርጅት ከቀለም በፊት በትክክል ባለማጽዳቱ ኬሲ-46ም የጭነቱ 767ም ተነክተዋል። እንዲህ ያለው ጉድለት በዓይነቱ የአሥር ዓመት መዝገብ ላይ አይገኝም። የሚገኘው ርክክብ ላይ ፓነል አስከፍቶ በማየት ነው።

ስለዚህ በዚህ ምርጫ የምትሄዱ ከሆነ ገንዘባችሁን ለርክክብ ቡድን አውጡ። አብራሪና ጠበቃ ብቻ ልካችሁ አትረከቡ፤ የጭነት ኃላፊና የመዋቅር ቴክኒሺያን ይሂዱ። በሩ በመሬት ኃይልም በአውሮፕላኑ በራሱ ኃይልም ደጋግሞ ይከፈት፣ ይዘጋ። ባዶ ወለል ላይ ሮለር ማሽከርከር ፈተና አይደለም፤ ክብደት ያለው ፓሌት ከበሩ እስከ መጨረሻው ቦታ ይገፋ። የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በኋላ ሌሊት በባዕድ ኤርፖርት ከመማር ይሻላል።

የጊዜውንም ነገር እወቁ። በ2028 የሚጀምረው ዓለም አቀፍ የልቀት ደንብ ሁለቱንም ዓይነቶች የሚነካ ሲሆን ቦይንግ የንግድ 767 ጭነት ምርቱን በ2027 እንደሚያቆም አስታውቋል። ይህ ለገዢ ክፉ ዜና ብቻ አይደለም። በዓለም ላይ የሚበሩት ብዙ ስለሆኑ መለዋወጫና የሠለጠነ ሰው ለረጅም ዓመታት ይገኛል።

ዋጋው ግን ዋጋ ነው። በ2019 የ777 ጭነት የዝርዝር ዋጋ 352 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በዝርዝር ዋጋ የሚገዛ የለም፣ ቅናሹ ትልቅ ነው፣ ከቅናሹ በኋላም የትልቅ አየር መንገድ ዕቃ ነው።

ሁለተኛ፦ ዓይነቱም አዲስ የሆነ

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለዚህ ምድብ ይሠራል። የ747-8 ጭነትን መጀመሪያ እንዲረከብ የተጠበቀው የሉክሰምበርጉ ካርጎሉክስ በመስከረም 2011 ለበዓል የተዘጋጀውን ርክክብ አልቀበልም ብሎ አፈረሰው። በወቅቱ እንደተዘገበው ከጠቡ ጀርባ የሞተሩ የነዳጅ ፍጆታ ከተገባው ቃል መብለጡ ነበረበት። በጥቅምት ተስማምተው ተረከበ። በመስከረም 2012 የሩሲያው ኤርብሪጅካርጎ 747-8 በሻንግሃይ ለመነሳት ሲንደረደር አንዱ ሞተር ኃይል አጣ፤ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለርክክብ በሚዘጋጅ 787 ላይ እንደታየው የሞተሩ ዘንግ ላይ ስንጥቅ ነበር። በሐምሌ 2013 ደግሞ የዚያው ኩባንያ አውሮፕላን በቻይና ሰማይ በበረዶ ቅንጣት ደመና ሲያልፍ ሞተሮቹ ተጎዱ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አብራሪዎች እንዲህ ካለው ነጎድጓዳማ ደመና 50 ኖቲካል ማይል እንዲርቁ ታዘዘ።

እነዚህ ሁሉ ታርመዋል። 747-8 ዛሬ ጥሩ ስም ያለው አውሮፕላን ነው፤ የመጨረሻው በጥር 31 ቀን 2023 ለአትላስ ኤር ተሰጥቶ ምርቱ ቆመ። ነገር ግን ጥሩ ስሙን የገነቡት መጀመሪያ የተረከቡት በከፈሉት ነው።

አሁን በር ላይ ያሉት ሁለት ናቸው። ኤርባስ ኤ350 ጭነት 111 ቶን እንደሚጭን ይነገራል፤ መጀመሪያ ለ2025 ታስቦ የነበረው ወደ 2027 ሁለተኛ አጋማሽ ተገፍቷል። የሚገጠምለት የሮልስ ሮይስ ትሬንት ኤክስደብሊውቢ-97 በኤ350-1000 ላይ የሚበር ነው። በ2023 የዱባይ ኤር ሾው የኤምሬትስ ፕሬዚዳንት ሞተሩ በሞቃትና አቧራማ አካባቢ በክንፍ ላይ የሚቆይበት ጊዜ አጭር ነው ብለው በአደባባይ ወቀሱ፤ ሮልስ ሮይስ ጉድለት ነው መባሉን ባይቀበልም ዕድሜውን የሚያራዝም ማሻሻያ እየሠራ ነው። በመስከረም 2024 የካቴይ ፓሲፊክ አንድ አውሮፕላን በነዳጅ ቱቦ ብልሽት ምክንያት ሞተሩ ውስጥ እሳት ተነሥቶበት ከሆንግ ኮንግ እንደተነሳ ተመለሰ፤ ምርመራም ታዘዘ። ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ ይህ ነው፦ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከኅዳር 2024 ጀምሮ ኤ350-1000 ያበራል። ያ ሞተር ከቦሌ ከፍታ ሲነሳ እንዴት እንደሚያረጅ የሚያሳይ መረጃ የጭነቱ አውሮፕላን ከመምጣቱ በፊት በአዲስ አበባ እየተጠራቀመ ነው። ከማንኛውም የሻጭ ብሮሹር የሚበልጥ ሰነድ ነው።

ቦይንግ 777-8 ጭነት በጥር 2022 በኳታር ኤርዌይስ ትእዛዝ ተጀመረ፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በመጋቢት 2022 ለአምስቱ የመግባቢያ ስምምነት ፈርሟል። የቤተሰቡ የበኩር የሆነው 777-9 ራሱ ለዓመታት ዘግይቷል፤ በነሐሴ 2024 ሞተሩን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የሚያያይዝ ዘንግ ተሰብሮ ተገኝቶ የሙከራ በረራው ለወራት ቆሟል። ሙከራ የሚደረገው ይህን ለማግኘት ስለሆነ በራሱ አያስደነግጥም። የርክክቡን ቀን ግን በእርሳስ ጻፉት።

ወታደራዊው ኤ400ኤምም ትምህርት ነው። በግንቦት 2015 ገና ለደንበኛ ያልተሰጠ አንድ አውሮፕላን በሴቪል የሙከራ በረራ ላይ ወድቆ አራት ሰዎች ሞቱ፤ የሞተሮቹ የቁጥጥር ሶፍትዌር የሚያስፈልገው የመለኪያ መረጃ በትክክል አልተጫነም ነበር። በቀጣዩ ዓመት የተረከቡት አገሮች በፕሮፔለር ማርሽ ሳጥን ብልሽት ምክንያት በአጭር በአጭር የበረራ ሰዓት ለመመርመር ተገደዱ።

ሦስተኛ፦ ከመንገደኛነት የተቀየረ

ከዕድሜው ይልቅ ርክክቡ አዲስ የሆነ አውሮፕላን ነው። የመንገደኛው አውሮፕላን ጎኑ ተቆርጦ ትልቅ በር ይገጠምለታል፣ ወለሉ ይጠናከራል፣ መስኮቶቹ ይደፈናሉ፣ ጭነቱ ወደ አብራሪዎቹ እንዳይመጣ ጠንካራ ግድግዳ ይቆማል፣ የጭስ መጠቆሚያ ይዘረጋል። ቦይንግ 737-800 የተቀየረው ከሚያዝያ 2018 ጀምሮ አለ፤ 24 ቶን ያህል ይጭናል። በድሬስደን የሚቀየረው ኤ330-300 በታኅሣሥ 2017 ለዲኤችኤል ደረሰ፤ 62 ቶን ገደማ ይይዛል። ትንሹ ኤ321 በ2020 መጣ። 767ን በተመለከተ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከእስራኤል ኤሮስፔስ ኢንዱስትሪስ ጋር ተስማምቶ ሥራውን አዲስ አበባ ላይ ጀምሯል። ይህ ለአካባቢው ገዢ ትልቅ ነገር ነው፤ በሩን የገጠሙት እጆች እዚሁ ናቸው።

እዚህ ሁለት ዓይነት ብልሽት አብረው ይኖራሉ። አዲሶቹ ክፍሎች የአዲስ ዕቃ በሽታ አለባቸው፤ በሩ፣ ሽቦው፣ ሴንሰሩ። አሮጌው አካል ደግሞ የራሱን ይዞ ይመጣል፤ ዝገት፣ ስንጥቅ፣ በኮቪድ ጊዜ ቆሞ የከረመበት ጊዜ፣ የተጓደለ መዝገብ። የመቀየር ሥራው የተደበቀ ነገር የማውጣት ጥቅምም አለው። በ2019 737-800 በሚመደብበት በ737 ኤንጂ ቤተሰብ ላይ ክንፍን ከሰውነት የሚያያይዘው ክፍል ስንጥቅ የታወቀው ወደ ጭነት ለመቀየር ከተከፈተ አውሮፕላን ነው። አሜሪካ ከ30,000 ምልልስ ያለፉት በሰባት ቀን ውስጥ እንዲመረመሩ አዘዘች። ስለዚህ የተቀየረ 737 ሲቀርብላችሁ በመጀመሪያ የምትጠይቁት የበረራ ሰዓቱን አይደለም፤ ምልልሱን ነው።

ዕድሜ ከልክ ሲያልፍ ምን እንደሚመጣ በኅዳር 4 ቀን 2025 ታይቷል። በሉዊቪል የዩፒኤስ ኤምዲ-11፣ በ1991 ተሠርቶ በመንገደኛነት የጀመረ አውሮፕላን፣ ሲነሳ ግራ ሞተሩ ከነመያዣው ተገንጥሎ ወደቀ። መርማሪዎቹ በመያዣው ላይ የድካም ስንጥቅ አገኙ፤ ዓይነቱ በሙሉ ከበረራ ታገደ። አንድ አሮጌ ዓይነት በአንድ ሌሊት ሊቆም እንደሚችል አስቡ። አውሮፕላኖቻችሁ በሙሉ እንዲህ ያለ ዓይነት ብቻ ከሆኑ ሥራችሁም አብሮ ይቆማል።

ትልቁ የተቀየረ 777-300ኢአር 101 ቶን ይጭናል ተብሎ በ2019 ተጀምሮ የምስክር ወረቀቱን ያገኘው በነሐሴ 2025 ነው። አውሮፕላኑ በዕድሜ የገፋ፣ ቅየራው ግን አዲስ ነው። ስለዚህ በእኔ ሚዛን ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚቆጠረው ከሁለተኛው ምድብ ጋር ነው።

ውል ላይ አንድ ነገር አትርሱ፤ የቅየራው ባለቤትና የአውሮፕላኑ አምራች የተለያዩ ከሆኑ በሩ ሲበላሽ አንዱ ወደ ሌላው ይመራችኋል። ለየትኛው ክፍል ማን እንደሚጠየቅ በዝርዝር ይጻፍ።

አራተኛ፦ ከነሙሉ አገልግሎቱ መከራየት

አከራዩ አውሮፕላኑን፣ ሠራተኛውን፣ ጥገናውንና ኢንሹራንሱን ያቀርባል፤ ተከራዩ ነዳጅ፣ የማረፊያ ክፍያና ጭነት ይዞ ይመጣል። የሰዓት ዋጋው ውድ ነው። ብልሽቱ ግን የእናንተ ራስ ምታት አይደለም፤ ቢያንስ ውሉ በትክክል ከተጻፈ። ከዚህ በላይ የሚባል ብዙ የለም።

| አማራጭ | የመጀመሪያ ዓመት ችግር | የሞተር ስጋት | ድጋፍና መለዋወጫ | መነሻ ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| የታወቀ ዓይነት፣ አዲስ (777፣ 767) | የፋብሪካ አሠራር ጉድለት፣ በርና ሴንሰር | ዝቅተኛ | በጣም ሰፊ | በጣም ከፍተኛ |
| አዲስ ዓይነት (ኤ350 ጭነት፣ 777-8) | የዲዛይን ጉድለት፣ የርክክብ መዘግየት | ገና ያልተረጋጋ | አምራቹ በቅርብ ይከታተላል፣ መለዋወጫ ግን ጥቂት | በጣም ከፍተኛ |
| የተቀየረ (737-800፣ 767፣ ኤ330) | በር፣ ሽቦ፣ ዝገት፣ መዝገብ | የታወቀ፣ እንደ ቀሪ ዕድሜው | ሰፊ፤ ኃላፊነቱ የተከፋፈለ | መካከለኛ |
| ሙሉ ኪራይ | የአከራዩ ሸክም | የአከራዩ ሸክም | እንደ ውሉ | ዝቅተኛ፤ የሰዓት ዋጋ ውድ |

ለማን የትኛው?

ረጅም መስመር በየቀኑ የሚበር፣ የራሱ ሃንጋርና ተለዋጭ ሞተር ያለው ትልቅ አየር መንገድ ዛሬ ላለበት ፍላጎት 777ን ይያዝ። አዲሶቹን ዓይነቶች ማዘዝ ነዳጅ ስለሚቆጥብ ተገቢ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖች ግን ወረፋው ወደ ኋላ ቢሆን እመርጣለሁ። መጀመሪያ ለመረከብ የሚሰጠው ቅናሽ የሁለት ዓመት መቋረጥን የሚሸፍን መሆኑ በቁጥር ካልታየ በቀር።

በቀን ጥቂት ሰዓት ለሚበር መካከለኛ ድርጅት የተቀየረ 767 ወይም ኤ330 ይሻላል። አውሮፕላኑ ብዙ ሰዓት ከቆመ የአዲሱ ነዳጅ ቁጠባ የወር ክፍያውን አይችለውም፤ የተቀየረው ግን ቆሞ ቢያድር ዕዳው ቀላል ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ 767 ያደላል፤ ዓይነቱን የሚያውቅ ሰው እዚሁ አለ።

ገና ለሚጀምር፣ በጅቡቲ፣ በናይሮቢ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች መካከል አጭር መስመር ለሚያስብ፣ 737-800ን ለመጀመሪያው ዓመት በሙሉ ኪራይ ይሞክር። በዚያ ዓመት የተላለፉ ብልሽቶችን ዝርዝር ከአከራዩ በየወሩ ይውሰድ። ለመግዛት ሲወስን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ያ ወረቀት ነው።

አበባ፣ ሥጋ ወይም አትክልት የሚልክ ነጋዴ አውሮፕላን አይመርጥም፤ አጓጓዥ ይመርጣል። ሲዋዋል ሦስት ነገር ያስጽፍ፦ አውሮፕላኑ ቢበላሽ ተተኪ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ፣ እስኪመጣ ጭነቱ ቀዝቃዛ መጋዘን ውስጥ በማን ወጪ እንደሚቆይ፣ እና በዚያው መስመር ባለፉት 12 ወራት በቴክኒክ ምክንያት የተሰረዙ በረራዎች ብዛት። ሦስተኛውን ለመስጠት የሚያንገራግር አጓጓዥ ካለ ከሌላው ዋጋ ጠይቁ።